ውለታ ስንት ቀን ነው?

«ካይንድነስ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል «ደግነት» ብለን ተርጉመን እናልፋለን። ልብ ውስጥ ያለ ስሜት ይመስላል። በድሮው የስኮትላንድ ቋንቋ ግን ቃሉ የመሬት ጉዳይም ነበር። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ካይንድነስ ያለው ጭሰኛ ማለት አባቱ ወይም ዘመዱ ያረሰውን መሬት እሱም ማረስ ይገባዋል የሚባል ሰው ነው። ቃሉ ራሱ የመጣው ዘር፣ ወገን ከሚለው ነው። መብቱ ይወረሳል፣ ይሸጣልም።

የእኛ «ውለታ»ም ስሜት ብቻ አይደለም። አነጋገራችንን እዩት፦ ውለታ ይዋላል፣ ይቆጠራል፣ ይመለሳል። ቃሉን ወደ ኋላ ስትከተሉት የግዕዙን «ወዐለ» ታገኛላችሁ፤ ዋለ፣ ቀኑን አሳለፈ ማለት ነው። ትግርኛ «ዐ»ን አልጣላትም፤ ውለታን «ውዕለት»፣ ውልን «ውዕል» ይላል። ስለዚህ በእኔ ንባብ ውለታ ለሰው የተሰጠ ቀን ነው።

የወረታን ስም «ወሮታ» ከሚለው ቃል ጋር ማያያዝ ያጓጓል። እኔ ግን ከከተማዋ ስም ይልቅ ዙሪያዋን ያለውን የፎገራ ማሳ አምናለሁ። የሩዝ አረም ብዙ እጅ ይፈልጋል፤ የወንፈል ሒሳብ ደግሞ ግልጽ ነው፦ አንድ ቀን አረምክልኝ፣ አንድ ቀን አርምልሃለሁ። አለቀ።

የሚያስፈራው ቀኑ ያልተቆጠረ ውለታ ነው። «አሳድጌህ፣ አስተምሬህ» የተባለ ልጅ ስንት ቀን ቢሠራ ነው የሚጨርሰው? በኮድ ብንጽፈው ማቆሚያ የሌለው ሉፕ ይሆናል። «ውለታ ቢስ» የሚለው ስድብ የሚከብደውም ለዚህ ነው፤ ከፍዬ ጨርሻለሁ የሚባልበት ደረሰኝ የለውም።

ታዲያ ውለታን ትተን «ምላሽ አትጠብቅ» በሚለው ደግነት እንተካው? እኔ አልስማማም። የስኮትላንድ ባለርስቶች መሬቱን በጽሑፍ ውል፣ በገንዘብ ማስተላለፍ ሲያበዙ፣ በዝምድናና በትዝታ የቆመው ካይንድነስ በብዙ ቦታ ተሸረሸረ። ዛሬ ቃሉ ስሜቱን ይዞ መብቱን ጥሏል። ድሃው በቃሉ የሚጠይቀው ነገር አጣ።

ደግነት ሰጪውን ያስመሰግናል። ውለታ ግን ተቀባዩንም ሰው ያደርጋል፤ ነገ መላሽ ነውና። እኔ የምመርጠው የወንፈሉን ዓይነት ነው፦ ቀኑ የታወቀ፣ የሚመለስ፣ ከመለሱት በኋላም ቀና ብለው የሚተያዩበት።