ጥምርታውና መምህሩ፤ በቆቦና በራያ ቆላ መነሻነት የቀረበ ሂስ

በትምህርት ዕቅዶቻችን የመምህራን ብዛት የሚመዘንበት ዋነኛ መለኪያ የተማሪ መምህር ጥምርታ ነው። ለአንደኛ ደረጃ አንድ መምህር ለ50፣ ለሁለተኛ ደረጃ አንድ ለ40 የሚለው ልክ በዕቅድ ሰነዶች ሲደጋገም ኖሯል። የዚህ ጽሑፍ ሂስ መለኪያው ሐሰት ነው የሚል አይደለም። መለኪያው የተጠየቀውን ይመልሳል፤ ትምህርት ቤቶቻችን የሚጠይቁት ግን ሌላ ነው።

1,000 ተማሪዎች ያሉትን አንድ የከተማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለምሳሌ እንውሰድ። በአንድ ክፍል 40 ተማሪ ቢቀመጥ 25 ክፍሎች ይሆናሉ፤ በጥምርታውም 25 መምህራን ይበቁታል። ዳሩ ግን እያንዳንዱ ክፍል በሳምንት 35 ክፍለ ጊዜ የሚማር ከሆነ ጠቅላላው ሥራ 875 ክፍለ ጊዜ ነው። አንድ መምህር ትምህርቱን አዘጋጅቶና ደብተር አርሞ 25 ክፍለ ጊዜ ይይዛል ብንል፣ የሚያስፈልጉት 35 መምህራን ናቸው። የጎደሉት 10 መምህራን በሰንጠረዡ ላይ አይታዩም። ርእሰ መምህሩ ግን ያያቸዋል፤ ወይ በአንድ ክፍል 56 ተማሪዎች ያስቀምጣል፣ ወይ የሒሳቡን መምህር ፊዚክስም ደርበህ አስተምር ይለዋል። ሁለቱንም በአንድነት የሚያደርግ አይጠፋም።

ቆቦ ከወልድያ በስተሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከደሴ ወደ መቀሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። በዙሪያዋ ባለው የማሽላ ቆላ የተመደበ መምህር ዓመታት ሲያገለግል ከቆየ በኋላ ዓይኑን ወደ ከተማ ቢጥል አይፈረድበትም። ነገር ግን የዝውውር ማመልከቻ የሚነሣው ከአመልካቹ አገልግሎት፣ ጋብቻና ጤና እንጂ ከትምህርት ቤቱ የትምህርት ዓይነት ጉድለት አይደለም። በዚህም ምክንያት በአንድ የመምህራን ማረፊያ ክፍል ትርፍና ጉድለት ጎን ለጎን ሊቀመጡ ይችላሉ፤ ጥምርታው ሁለቱን አቻችሎ «ደህና ነው» ይላል። ከ1994 ዓ.ም. ወዲህ ቅጥሩ በወረዳ የድጎማ በጀት የሚሸፈን በመሆኑም፣ በዓመቱ መካከል የተለቀቀ የሥራ መደብ ገንዘብ እስኪገኝ መጠበቁ አይቀርም።

የመለኪያው ትልቁ ነውር ግን ከዚህ ይከፋል። በሐምሌ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ቆቦ ደረሰ፤ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ዳግመኛ ተመለሰባት። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ በተስፋፋው ግጭትም ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። እንዲህ ባለ ጊዜ የተመዘገበው ተማሪ ቁጥር ሲወርድ፣ ተፈናቅሎ የሄደው መምህር ደግሞ በስም ዝርዝሩ ላይ ሲቆይ፣ ጥምርታው ይሻሻላል። ሕፃናት ከትምህርት ገበታ ሲርቁ የሚያምር መለኪያ ለዕቅድ አውጪ ምን ይነግረዋል?

በመምህራን ማሠልጠኛ ያለነውም ከወቀሳው አናመልጥም። ለከፍተኛው አንደኛ ደረጃ በአንድ የትምህርት ዓይነት ብቻ አሠልጥነን የምንልከው ዕጩ፣ ሁለትና ሦስት ትምህርት ደርቦ መያዝ ግድ በሚሆንበት አነስተኛ የቆላ ትምህርት ቤት ይመደባል። የመግቢያ ኮታችንን ስንወስን የትኛው ወረዳ በየትኛው ትምህርት ስንት ክፍለ ጊዜ እንደጎደለው መጠየቅ ነበረብን።

ይህን ለማወቅ አዲስ ጥናት አያሻም። በየርእሰ መምህሩ ቢሮ ግድግዳ ላይ የክፍለ ጊዜ ድልድል ተለጥፏል፤ ማን ያለ ሥልጠናው እንደሚያስተምር፣ የትኛው ሣጥን ባዶ እንደሆነ በዚያ ይነበባል። የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት በየጥቅምቱ ከመምህራን ስም ዝርዝር ጋር ይህን ወረቀት አብሮ ይጠይቅ።