ትናንትን ንገረኝ

ከዩኒቨርሲቲ በቅርቡ የወጣ ወጣት የሥነ ልቦና ባለሙያ፣ ባለጉዳዮቼን እያስፈቀደ ጥግ ላይ ተቀምጦ ሥራዬን ሲከታተል ሰነበተ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ክፍሉ ባዶ ሲሆን በሆዱ የያዘውን አወጣው። «ሲስተር፣ አይቆጡኝና አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ሴትዮዋን ግማሽ ሰዓት ሙሉ ስለ ትናንት ውሎዋ ብቻ አወሯት። ምን እንደሚሰማት አልጠየቋት፣ ልጅነቷን አላነሡባት፣ ቅጹንም አላስሞሏት። ይኼ ምክክር ነው ወይስ ጨዋታ?»

«ጨዋታ ነው» አልኩት። ወረፋ የያዙ ሰዎች ስለነበሩ ነገሩ በዚያው ታለፈ። ሙሉውን መልስ እዚህ ልስጠው።

እኔ በምሠራበት አቃቂ ቃሊቲ ውስጥ አንድን ሰው «ምን ይሰማሃል?» ብትለው «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይልሃል። ሙስሊሙም «አልሐምዱሊላህ» ይላል። እየዋሸ አይደለም። ችግሩን ለባዳ መዘርዘር ነውር ነው ተብሎ ያደገ ጨዋ ሰው ሌላ ምን ሊል ይችላል? ትንሽ ገፋ ስታደርገው ወደ ሰውነቱ ይወስድሃል፦ አናቴን ያቃጥለኛል፣ ልቤን ይመታኛል፣ ሐሳብ በዝቶብኛል፣ እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል። ሁሉም እውነት ነው፤ ግን ይህን ይዞ ወዴት እንደሚኬድ አይታወቅም። አብዛኛው ሰው እኔ ዘንድ የሚደርሰው ለጨጓራ፣ ለደም ማነስና ለታይፎይድ ተመርምሮ፣ የመድኃኒት ከረጢቱን ይዞ ነው። ስለ ሕመሙ ሲጠየቅ የሚለውን ቀድሞ ለምዶታል። ስለ ትናንት ግን ጠይቆት የሚያውቅ ስለሌለ ያሰናዳው መልስ የለውም።

ስለዚህ ከመንቃት እጀምራለሁ። ስንት ሰዓት ነቃህ? ከነቃህ በኋላስ ስንት ሰዓት ተነሣህ? (በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ ካርዱ ላይ ከተጻፈው ሁሉ ይበልጥብኛል።) ማን ቀሰቀሰህ? ቁርስ ምን ነበር? ከማን ጋር በላኸው? ከቤት ስትወጣ ማንን ሰላም አልክ? ታክሲ ውስጥ የት ተቀመጥክ? ከዚያስ? ይቺ «ከዚያስ» የምትለው ጥያቄ ዋና መሣሪያዬ ናት። ሰውየው እስከ አራት ሰዓት ድረስ ያለውን ደቂቃ በደቂቃ ሲተርክ ቆይቶ በድንገት «ከዚያማ መሸ» ይላል። አራት ሰዓትና ምሽት መካከል ስምንት ሰዓት አለ። እኔ የምቆመው እዚያ ላይ ነው።

አንድ የፋብሪካ ሠራተኛ አስታውሳለሁ። (እዚህ የማነሣቸውን ሰዎች ሁሉ ራሳቸውም እንዳይለዩ አድርጌ ለውጫቸዋለሁ።) በሦስት ፈረቃ የሚሠራ፣ ጸጥ ያለ፣ ዓይኑ የቀላ ሰው ነበር። ሚስቱ እንቅልፍ አጣ፣ ይቆጣል፣ ብቻውን ያወራል ብላ አስቀድማ ጸበል ወስዳዋለች፤ ዘመዶቿም መተት ነው ብለዋታል። ትናንትን አስተረክሁት። ከሌሊት ፈረቃ የወጣው ጠዋት 12 ሰዓት ነው። ከዚያስ? ጫት ገዛ። ለምን? እንዳይተኛ። ለምን እንዳይተኛ? የሰው ባጃጅ ተቀብሎ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይነዳል። ከዚያስ? ተኛ። ስንት ሰዓት? ልጆቹ ከትምህርት ቤት እስኪመጡ፤ ሦስት ሰዓት ቢሆን ነው። ይህ ሰው የሁለት ሰው ቀን እየሠራ የግማሽ ሰው እንቅልፍ ይተኛ ነበር። ስለ ስሜቱ ብጠይቀው ኖሮ «ይጨንቀኛል» ይለኝና የጭንቀት መድኃኒት ይዞ ይሄድ ነበር። እኛ ግን ሚስቱን ጨምረን ስለ ባጃጁ ሒሳብ ነው የተነጋገርነው፦ ምን ያህል ያስገባል፣ ለጫቱ ምን ያህል ይወጣል፣ የተረፈው ይህን ሁሉ ያስከፍላል ወይ? ወጣቱ ባልደረባዬ ይህን ከሥነ ልቦና ሕክምና አይቆጥረው ይሆናል። እኔ እቆጥረዋለሁ።

ሌላዋ ከመሀል ከተማ የመጣች እናት ናት። በ2016 የፒያሳ ነባር ሰፈሮች ሲነሡ ብዙ ቤተሰብ ወደ ገላን ጉራ መጥቷል፤ ከዚያ በፊትም ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም የገባው ሕዝብ ቀላል አይደለም። ቤቱ ከቀድሞው ይሻላል፤ ሽንት ቤቱ የግል ነው፣ ጣሪያው አያፈስም። ሴትዮዋም ይህንኑ ነበር የምትነግረኝ፤ ማማረር ስለምትፈራ ቤቱን ታመሰግናለች። ውሎዋን ስትተርክ ግን ቡና የሚባል ነገር የለም። ዕድሜዋን ሙሉ በቀን ሦስቴ ስታፈላ የኖረች ሴት ናት። «ቡናስ?» አልኳት። «ለማን ላፍላ ሲስተር?» አለች። ጀበናዋ ከመጣችበት ካርቶን አልወጣችም ነበር። ዕድሯ የቀረው እዚያ፣ ማኅበሯም እዚያ ነው፤ የድሮ ጎረቤቶቿ ደግሞ በየብሎኩ ተበትነዋል። ለሳምንቱ የሰጠኋት ሥራ አንድ ብቻ ነበር፦ ጀበናውን ከካርቶን አውጥታ ከላይ ፎቅ ያለችውን ሴት አንድ ቀን መጥራት። መጀመሪያ አልተቀበለችኝም። የማላውቃትን ሴት ምን ብዬ ነው የምጠራት አለች፤ እውነቷን ነው። ሰው በሞተ ጊዜ ማን ከማን ጋር ድንኳን እንደሚተክል ገና ባልለየ ሰፈር ውስጥ በር ማንኳኳት ድፍረት ይጠይቃል። ጀበናው አዳናት አልልም፤ የድብርት መድኃኒትም ጀምራ ነበር። መድኃኒቱ ጉልበት ሲሰጣት ጉልበቱን የምታውልበት ነገር ግን ያስፈልጋት ነበር።

አሁን ወደ ቅጹ ልምጣ፤ ክርክራችን እዚያ ላይ ነውና። ወጣቱ የሚወደው ቅጽ እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ባለ ዘጠኝ ጥያቄ የድብርት መለኪያ ነው። ያለፉትን ሁለት ሳምንታት ይጠይቃል፤ ለያንዳንዱ ጥያቄ ከ0 እስከ 3 ይሰጥና ከ27 ይደመራል። በአማርኛ ተተርጉሞ አገራችን ውስጥ ተፈትሿል፤ ንቄው አይደለም። ለጥናትና ለክትትል ይጠቅማል። ነገር ግን በመጀመሪያ ቀን፣ በመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች፣ ሰው ፊት ወረቀት ስታስቀምጥ ቀበሌ የገባ ይመስለዋል። «በጥቂት ቀናት» እና «ከግማሽ በላይ በሆኑ ቀናት» የሚሉትን ለመለየት ሲቸገር አያለሁ። መጨረሻ ላይ ዓይን ዓይኔን እያየ የትኛውን ብል ይሻላል ይለኛል። አሥራ አራት የሚል ቁጥር ይዘን እንቀራለን። አሥራ አራት ምን ይደረጋል? ቁጥሩ ጀበናዋ ካርቶን ውስጥ መሆኗን አይነግረኝም።

ከቅጹ አንድ ጥያቄ ብቻ አልተውም፤ ዘጠነኛውን። ስለ ሞትና ራስን ስለ መጉዳት የሚጠይቀው ነው። እዚህ ላይ ዙሪያ ጥምጥም አይሠራም። ትረካው ሌሊት ላይ ሲደርስ በቀጥታ እጠይቃለሁ፦ «ትናንት ማታ ተኝተህ ሳለ ብሞት ይሻለኛል ብለህ አሰብክ? ራስህን ለማጥፋትስ? በምን?» ብዙ ጀማሪዎች ይህን መጠየቅ ሐሳቡን ያስገባበታል ብለው ይፈራሉ። አያስገባም፤ ጥናቱም የሚለው ይህንኑ ነው። ማታ ማታ ብቻውን የተሸከመውን ነገር ሌላ ሰው በስሙ ሲጠራለት ትከሻው ሲወርድ አይቻለሁ።

ይህ የትናንት ነገር የባላገር ጨዋታ ብቻ እንዳይመስል አንድ ነገር ልጨምር። አሜሪካዊው ፒተር ሌዊንሶን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ድብርት የሰውን ውሎ ከሚያስደስተውና ከሚያበረታው ነገር ሁሉ ባዶ እንደሚያደርግ፣ ባዶው ውሎም መልሶ ድብርቱን እንደሚያጠናክር አስተማረ። እ.ኤ.አ. በ1996 ደግሞ ኒል ጃኮብሰንና ባልደረቦቹ የታወቀውን የአስተሳሰብና የባህርይ ሕክምና ከፋፍለው መዘኑት። ሰው ውሎውን እንዲመዘግብና ቀስ በቀስ እንዲያስተካክል የሚረዳው ክፍል ብቻውን ሲሰጥ ውጤቱ ከሙሉው ሕክምና አላነሰም። አፍሪካም ምስክር አላት። የዚምባብዌው የሥነ አእምሮ ሐኪም ዲክሰን ቺባንዳ አሮጊቶችን አሠልጥኖ ጤና ጣቢያ ደጃፍ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጣቸው። ባለጉዳዩ የኑሮ ችግሩን ዘርዝሮ አንዱን ይመርጣል፤ ለሳምንቱ የሚሠራውንም ይዞ ይሄዳል። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2016 ሲታተም ዓለም ተደነቀ። እኛ አገር ቡና ጠጪ እናቶች አይደነቁም ነበር።

ታዳጊዎች ላይ ስደርስ ዘዴውን ትንሽ እለውጠዋለሁ። ልጅ ብቻውን አይመጣም፤ እናት ወይም አባት እየጎተተ ያመጣዋል፣ ሳይቀመጡም «ይምከሩልኝ» ይባላል። የወላጅ አለንጋ ለመሆን ፈቃደኛ እንዳልሆንኩ በትሕትና አስረዳለሁ። ከዚያ ሁለቱንም አስቀምጬ በየተራ የልጁን ትናንት አስተርካቸዋለሁ፤ አባት አንድ ትናንት፣ ልጅ ሌላ ትናንት ያወራሉ። አንድ ሹፌር አባት የ12ኛ ክፍል ልጁን ይዞ መጥቶ ነበር። ጊዜው የ2014 የፈተና ውጤት ጥር 2015 ላይ ተነግሮ፣ ከተፈታኙ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ መሆኑ አገሩን ሁሉ ካስደነገጠ በኋላ ነው። አባት «ትናንት ስምንት ሰዓት ሙሉ አጥንቷል፤ አልገባው እያለ ነው እንጂ» አለ። ልጁ ተራው ሲደርስ ዝም ብሎ ቆየና «ገጽ 41» አለ። ስምንቱን ሰዓት ሙሉ ገጽ 41 ላይ ነበር። ሳይነበብ ተከፍቶ የዋለ መጽሐፍ። ሌሊቱን ደግሞ በብርድ ልብስ ውስጥ ስልክ ሲያይ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነቅቷል። አባትየው ስልኩን ሊቀማ ተነሣ። አስቀመጥኩት። ስልኩ የልጁ ብቸኛ ሰው ነበር፤ ምትክ ሳይገኝ የሚነጠቅ ነገር አይደለም።

ከዚያ ወላጅን አስወጣለሁ። ከማስወጣቴ በፊት ግን ሁለቱም ባሉበት የማልደብቀውን እናገራለሁ፦ ልጁ ራሱን ሊጎዳ ካሰበ ወይም ሰው እየጎዳው ከሆነ ለወላጅ ወይም ለሚመለከተው እነግራለሁ፤ የቀረው እኔ ዘንድ ይቀራል። በተለይ ልጃገረዶች ይህን በእናታቸው ፊት ካልሰሙ ምንም አያወሩም።

ጸበልና ዱዓም ትናንት ውስጥ ይገኛሉ። አልከራከርም። የጸበሉን ሰዓትና የክኒኑን ሰዓት አብረን እናስማማለን፤ ክኒን አቋርጥ የሚል አጥማቂ ካጋጠመ ግን ዝም አልልም። አንዳንዱ ትናንት ደግሞ ከእኔ አቅም በላይ ነው። ሁለት ሰዓት ብቻ ተኝቶ ያልደከመው፣ በአንድ ጠዋት ደመወዙን በትኖ አገር ሊገዛ የተነሣ ሰው ሲመጣ ጨዋታው ያበቃል፤ ወደ ሐኪም እልከዋለሁ። ይህን መለየት የተማርኩት አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል በነርስነት በሠራሁባቸው ዓመታት ነው።

ይህን ሙያ ለምን በዚህ በኩል እንደያዝኩት ሳስብ አባቴ ይመጣብኛል። የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር፤ አቃቂ ጣቢያ። የድሮው ባቡር ሲቆም ብዙ ጓደኞቹ ቤት ዋሉ፣ ጠጡ፣ ቶሎ አረጁ። እሱ በየማለዳው ቆቡን ደፍቶ ባቡር የማይመጣበት ጣቢያ ይሄድ ነበር። ከሁለት ሦስት ጡረተኞች ጋር ሲጫወት አርፍዶ ለምሳ ይመለሳል። እህት ወንድሞቼ «አባዬ ነካ አድርጎታል» እያሉ አስጨነቁኝ፤ አንቺ የሙያው ሰው ነሽ፣ አንድ ነገር አድርጊ አሉኝ። ምንም አላደረግሁም። እናቴ ማታ ማታ እግሩን እያጠበች «ዛሬ ማን መጣ? ማንስ ቀረ? ምን ተባለ?» ትለው ነበር፤ እሱም አንድ በአንድ ይነግራታል። ሰማንያን አልፎ እስኪሞት ድረስ አንድም ቀን «ከዚያማ መሸ» ብሎ አያውቅም። ባቡሩ እንደማይመጣ ከማናችንም በላይ ያውቅ ነበር።

የመጨረሻው ቃሌ ጤና ጣቢያ ለሚያስተዳድሩ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ባስጀመረው መርሐ ግብር መሠረት አገራችንም ነርስና ጤና መኮንን የአእምሮ ሕክምና እንዲሰጡ ስታሠለጥን ቆይታለች፤ ጥሩ ነው። የሠለጠነችው ነርስ ግን በተመላላሽ ክፍል ውስጥ፣ ሌላ ታካሚ ደም ግፊቱን እየተለካ፣ ደጁ ላይ ወረፋ እየተጋፋ ከሆነ የምትሠራው፣ ቅጽ ከማስሞላት ሌላ ምን ጊዜ አላት? ወጣቱ ባልደረባዬ ቅጹን የሙጥኝ ማለቱ አንዱ ምክንያት ይኼ ይመስለኛል። ለአዲስ ባለጉዳይ፣ ለመጀመሪያው ቀን ብቻ፣ 45 ደቂቃና የሚዘጋ በር ያለው ክፍል ስጡን።