የሕሙማን መዝገብና ሰው ሠራሽ አስተውሎት፦ የለንደኑ ስምምነት ሲመረመር

ሰው ሠራሽ አስተውሎት ለጤና ተቋማት አስተዳደር ስለሚሰጠው ጥቅም በአሁኑ ጊዜ ብዙ ይነገራል። ቀጠሮ መደልደል፣ የሪፈር ደብዳቤ ማርቀቅ፣ ወርኃዊ ሪፖርት ማጠናቀርና የጤና መድን ክፍያ ጥያቄዎችን መመርመር የባለሙያውን ጊዜ የሚሻሙ ተግባራት በመሆናቸው፣ ሸክሙን የሚያቀል መሣሪያ መፈለጉ ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ውይይቱ የሚያተኩረው መሣሪያው ምን ሊሠራ እንደሚችል ላይ ነው፤ ለሥራው ምን ያህል የሕሙማን መረጃ እንደሚያስፈልግ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ይህ ጥያቄ ሲዘነጋ የሚከተለውን ችግር በእንግሊዝ አገር የተፈጸመ አንድ ስምምነት በግልጽ ያሳያል።

እ.ኤ.አ. በ2015 ለንደን የሚገኘው የሮያል ፍሪ የሆስፒታሎች አስተዳደር፣ የጉግል ንብረት ከሆነው ዲፕማይንድ ኩባንያ ጋር ተዋዋለ። ዓላማው ድንገተኛ የኩላሊት ጉዳት የደረሰባቸውን ሕሙማን ከደም ምርመራ ውጤት በመለየት ለሐኪሙ በስልክ የሚያስታውቅ «ስትሪምስ» የተባለ መተግበሪያ ማዘጋጀት ነበር። ለዚህ ሥራ የ1.6 ሚሊዮን ያህል ሰዎች መዝገብ ከነማንነታቸው ለኩባንያው ተላለፈ። ከእነዚህ አብዛኞቹ የኩላሊት ሕመም ኖሯቸው አያውቅም፤ መዝገባቸው መተላለፉም በቅጡ አልተነገራቸውም።

የአገሪቱ የመረጃ ኮሚሽነር ጽሕፈት ቤት እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2017 በሰጠው ውሳኔ፣ ሆስፒታሉ የመረጃ ጥበቃ ሕግን አለማክበሩን አረጋገጠ። የሆስፒታሉ መከራከሪያ ዝውውሩ ለሕሙማን ቀጥተኛ ሕክምና የተደረገ ነው የሚል ነበር። ነገር ግን ብሔራዊ የመረጃ ጠባቂ የነበሩት ፊዮና ካልዲኮት እንዳስገነዘቡት፣ በሙከራ ላይ ያለ መተግበሪያን መፈተሽ ሕክምና መስጠት አይደለም። የመከራከሪያው ድክመትም እዚህ ላይ ነው፤ «ለሕክምና» የሚለው ቃል ወሰን ካልተበጀለት ማንኛውንም ዝውውር የሚያጸድቅ ሽፋን ይሆናል።

እዚህ ላይ ሊስተዋል የሚገባው፣ የመተግበሪያው ማስጠንቀቂያ የተመሠረተው በሰው ሠራሽ አስተውሎት ሳይሆን የእንግሊዝ ብሔራዊ የጤና አገልግሎት ባወጣው የተለመደ ስሌት ላይ መሆኑ ነው። ስለሆነም ስሕተቱ ከማሽኑ ረቂቅነት ሳይሆን ከአስተዳደሩ ውሳኔ የመነጨ ነው። መተግበሪያው ጥቅም አልሰጠም ማለትም አይቻልም፤ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት በድንገተኛ ክፍል የሕመሙ መለየት መሻሻሉን አሳይቷል፤ የኩላሊት ማገገም ላይ ግን ጉልህ ለውጥ አላገኘም። ጥቅም መገኘቱ ብቻውን ግን ከሚያስፈልገው በላይ መረጃ አሳልፎ መስጠትን ትክክል አያደርገውም።

በኋላ የሚገኝ ካሣም አስተማማኝ አይደለም። በሕሙማኑ ስም የቀረበው የወል ክስ እ.ኤ.አ. በ2023 ውድቅ ሲደረግ፣ የይግባኝ ፍርድ ቤቱም በ2024 ውሳኔውን አጽንቷል፤ የሁሉም ሁኔታ አንድ ዓይነት ባለመሆኑ ጉዳዩ በዚህ መልክ በአንድነት ሊታይ አልቻለም። ከአፍ የወጣ አፋፍ እንደሚባለው፣ አንዴ ከእጅ የወጣን ምስጢር መመለስ አይቻልም።

«ስም ከተሰረዘ ይበቃል» የሚለው አስተሳሰብም መፍትሔ አይሆንም። በ1990ዎቹ የአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት የሠራተኞቹን የሕክምና መረጃ ስም አውጥቶ ለተመራማሪዎች ሲሰጥ፣ ተማሪ የነበረችው ላታንያ ስዊኒ መረጃውን ከመራጮች መዝገብ ጋር በማስተያየት የአገረ ገዢውን የዊልያም ዌልድን መዝገብ ለይታ አውጥታለች። የትውልድ ቀን፣ ጾታና የፖስታ ቁጥር ብቻ በቅተዋል። በኢትዮጵያ አነስተኛ ወረዳ ውስጥም ዕድሜ፣ ቀበሌና ያልተለመደ ሕመም አንድ ላይ ሲጻፉ ታካሚው ማን እንደሆነ ለአካባቢው ሰው አይጠፋውም።

በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 የግላዊነት መብትን ያረጋገጠ ሲሆን፣ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚሹት መካከል አስቀምጦታል። ሕጉ ግን በካርድ ክፍሉና በኃላፊው ጠረጴዛ ላይ በሥራ ካልተተረጎመ ጽሑፍ ሆኖ ይቀራል። የሪፈር ደብዳቤን ቋንቋ ለማሳመር ሲል የታካሚውን ታሪክ በስልኩ ወደሚገኝ የሕዝብ መጠቀሚያ የሚያስገባ ባለሙያ፣ በመጠኑ ቢያንስም የለንደኑን ስሕተት ይደግማል። የአልጋ ብዛት ለመተንበይ የየዕለቱ ድምር ቁጥር ከበቃ የማንም ካርድ ሊወጣ አይገባም።

ስለዚህ ማንኛውም የጤና ተቋም መሣሪያውን ከመቀበሉ አስቀድሞ፣ ለሥራው የሚበቃው ዝቅተኛ መረጃ የትኛው እንደሆነ፣ መረጃው የት እንደሚቀመጥና መቼ እንደሚጠፋ፣ ለታካሚውም በምን አኳኋን እንደሚነገረው በጽሑፍ መወሰን ይኖርበታል። ሕመምተኛ ለማንም የማይነግረውን ለባለሙያ የሚነግረው ምስጢሩ እንደሚጠበቅለት በማመን ነው፤ ይህ እምነት ከጠፋ ታሪኩን ይደብቃል፤ የተደበቀን ታሪክ ደግሞ የትኛውም መሣሪያ ሊያክም አይችልም።