የልብ ትምህርትና የገዳሪፍ አጫጅ

ስለ ደም ዝውውርና ስለ አካል እንቅስቃሴ የምንሰጠው ትምህርት አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይደመደማል፤ «ሰው ሲሮጥ ልቡ በፍጥነት ይመታል።» አባባሉ ስሕተት የለበትም፤ ነገር ግን ጎደሎ ነው።

ዕረፍት ላይ ያለ የጎልማሳ ልብ በደቂቃ 5 ሊትር ያህል ደም ይረጫል። በብርቱ ሥራ ጊዜ መጠኑ 20 ሊትር ሊደርስ ይችላል። ዋናው ቁም ነገር ግን የድልድሉ መለወጥ ነው። ወደ ሆድ ዕቃና ወደ ኩላሊት የሚሄዱት የደም ሥሮች ሲጠቡ የሚሠሩት ጡንቻዎች የደም ሥሮች ይሰፋሉ። ይህን የዘለለ ትምህርት ልብን ከአካሉ ነጥሎ ያሳያል።

ሁለተኛው ጉድለት የአየር ጠባይን መርሳቱ ነው። ምሳሌያችን ዘወትር የደጋ ሯጭ ነው። ለብዙ ዘመን ከደጋ ወርዶ በመተማ በኩል ወደ ገዳሪፍ ለሰሊጥ አጨዳ ሲሻገር የኖረውን የቀን ሠራተኛ ማን አነሣው? በዚያ ቆላ ደሙ ለጡንቻ ብቻ ሳይሆን ሙቀትን ለማስወጣት ለቆዳም መዳረስ አለበት። ላብ ደግሞ የደሙን ውሃ ይቀንሳል። በእያንዳንዱ ምት የሚረጨው ደም ስለሚያንስ ልብ ጉድለቱን በምት ብዛት ለማካካስ ይገደዳል። የደረሰ ሰሊጥ ካልታጨደ ስለሚረግፍ ሥራው ጥድፊያ ነው፤ ሰውነት ሙቀቱን እስኪለምድ ግን አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። እንግዲህ ውሃና ጥላ ለአጫጁ ቅንጦት አይደሉም።

ስለዚህ መምህራን ሆይ፣ ተማሪው የልቡን ትርታ በዕረፍትም ከሩጫ በኋላም ቆጥሮ ልዩነቱን ያስረዳ። ነገ ወደ ሰሊጥ እርሻ የሚወርደው እርሱ ሊሆን ይችላልና ትምህርቱ ከፈተና አልፎ ለሕይወቱ ይትረፍ።