መንገድ ላይ ያለች ቅጠል

ከደጀን ተነሥቶ በቢቸናና በደብረ ወርቅ አልፎ፣ በጉንደ ወይን በኩል ወደ ሞጣና ባሕር ዳር በሚዘልቀው መንገድ የሚነዳ ሹፌር፣ አስፋልቱ ላይ ለምለም ቅርንጫፍ ሲያይ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ከፊቱ የተበላሸ መኪና እንዳለ ገብቶታል።

ይህን ቅጠል አኑሮ የማስጠንቀቅ ልማድ ከልቤ አደንቃለሁ። ገንዘብ አይጠይቅም፤ የጎጃም ደጋ ደግሞ ባሕር ዛፍ አያጣም። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንዲት ሴኮንድ 22 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ስለዚህ ቅጠሉ ሕይወት የሚያድነው ከቆመው መኪና ራቅ ብሎ፣ ከኩርባው ወይም ከዳገቱ ጫፍ በፊት ሲቀመጥ ነው።

በተበላሸው መኪና የተሳፈረው ቤተሰብ ከሆነ ሥራውን መከፋፈል ያምራል። ሹፌሩ አራቱንም ፍሬቻ አብርቶ ጎማው ሥር የድንጋይ ታኮ ያደርጋል። እናት ልጆቹን መኪና በማያልፍበት በኩል አውርዳ፣ እጃቸውን ይዛ ከመንገዱ ታርቃቸዋለች። ሌላው ዐዋቂ ዳር ዳሩን እየሄደ፣ ዓይኑን ከሚመጣው መኪና ሳይነቅል ቅጠሉን ያኖራል። ከቆመው መኪና ኋላ ማንም አይቆምም።

በሌሊትና በክረምት ጉም ግን ቅጠል ብቻውን አይበቃም፤ የሚያንጸባርቀው ባለሦስት ማዕዘን ምልክት ከመኪናው መለየት የለበትም። መኪናው ተጠግኖ ሲነሣም ቅጠሉም ድንጋዩም ይነሣ፤ የተረሳ ድንጋይ ለሌላ ቤተሰብ አደጋ ነው። በራስ ችግር መካከል ከኋላ ለሚመጣው፣ ለማያውቁት መንገደኛ ማሰብ የዚህ ልማድ ትልቁ ክብር ነው።