ጽሕፈቱን ለመሣሪያው መተው

የጤና ሚኒስቴር በመላ አገሪቱ የሚጠቀምበት የመረጃ ሥርዓት፣ ዲኤችአይኤስ 2፣ የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ በጃቫ የሚያበለጽገው ነው። ከባቲም ሆነ ከከሚሴ የሚሰበሰበው የክትባትና የወባ ቁጥር የሚገባው እዚያ ነው።

እንዲህ ያለ ትልቅ ሥርዓት በጃቫ መጻፍ ድሮ እጅ ያዝል ነበር። ለትልልቅ የጃቫ ሥርዓቶች በተዘጋጀውና እ.ኤ.አ. በ2001 በወጣው ደንብ፣ በኢጄቢ 2.0 ጊዜ፣ ፕሮግራመሩ አንዲት የሥርዓት ክፍል ለመሥራት ዋናውን ክላስ፣ ቢያንስ ሁለት ኢንተርፌስና የኤክስኤምኤል መግለጫ በእጁ ይጽፍ ነበር። አንድ ስም ከተለወጠ ሁሉንም ማረም ግድ ነው፤ አንዱን የዘነጋ ጉዱን የሚያየው ፕሮግራሙ ሲነሳ ነው።

ኤክስዶክሌት የተባለ መሣሪያ መላ ይዞ መጣ። ሰው የሚጽፈው አንዱን ክላስ ብቻ ነው፤ በኮሜንቱ ውስጥ ምልክት ያኖራል፣ የቀረውን መሣሪያው ያወጣዋል። ግሩም ሐሳብ! ምልክቱ ላይ ፊደል ቢሳሳት ግን ኮምፓይለሩ ትንፍሽ አይልም።

ይህን ጉድለት ጃቫ 5 በ2004 አኖቴሽንን፣ ማለትም ኮምፓይለሩ የሚፈትሸውን ምልክት፣ የቋንቋው አካል በማድረግ ሞላው። ኢጄቢ 3.0 ደግሞ በ2006 አብዛኛውን ጽሕፈት አስቀረ።

ዛሬ በዲኤችአይኤስ 2 ኮድ ውስጥ ሎምቦክ የተባለ መሣሪያ ይሠራል፤ አሰልቺዎቹን ሜቶዶች ኮዱ ኮምፓይል ሲደረግ ራሱ ያወጣቸዋል። ኮዱ ለማንም ክፍት ስለሆነ የከሚሴ የኮምፒውተር ተማሪም ገልጦ ያንብበው።