ሳቁ ሲመጣ ማንን ታያላችሁ?

የቤተሰብ ሲትኮም የሚመዘነው በደቂቃ ስንት ጊዜ እንዳሳቀ ቢሆን ኖሮ ገምጋሚ ባላስፈለገ፤ ቆጥሮ ነጥብ የሚሰጥ ሰው በበቃ ነበር። አሁን አሁን የሚደረገው ግን ይኸው ነው። የድርሰት ተማሪዎች ተሰብስበው አንድ ተከታታይ ኮሜዲ ሲገመግሙ እሰማለሁ። አንዱ «ሁለተኛው ሲዝን ከመጀመሪያው ይበልጣል፣ ሳቁ በዝቷል» ይላል። ሌላው ተቀብሎ «ገጸ ባሕርያቱን ስለለመድናቸው ገና ብቅ ሲሉ ነው የምንስቀው» ብሎ ያሞግሳል። የሚያንገበግበኝ ይህ ሁለተኛው ነው። ለጥፋት ምስክር የሚሆነውን ነገር አንስቶ ለሙገሳ ማዋል ነውና። ተመልካች ገና ሰውየው ብቅ ሲል መሳቅ የጀመረ ቀን የሲትኮም ሥራ ይከብዳል እንጂ አይቀልም።

ስለዚህ የቤተሰብ ኮሜዲ መመዘን የሚፈልግ ሰው ሁለተኛውን ሲዝን ይመዝን። መጀመሪያው ብዙ ይቅርታ አለው፤ ጸሐፊዎቹ ቤቱን፣ ተዋንያኑ እርስ በርሳቸው ገና እየተዋወቁ ነው። ሁለተኛው ላይ ሰበብ የለም። ሁሉም ሥራውን ያውቀዋል፤ ማወቃቸው ምን እንዳደረጋቸው የሚታየውም እዚያ ነው።

እኔ ለማስተማሪያ የማነሣው «ኤቭሪባዲ ላቭስ ሬይመንድ» የተባለውን የአሜሪካ ሲትኮም ሁለተኛ ሲዝን ነው። ሲቢኤስ እ.ኤ.አ. ከ1997 መስከረም እስከ 1998 ግንቦት ያሳየው ነው። ሬይ ባሮን በኒውስዴይ ጋዜጣ ስለ ስፖርት ይጽፋል፤ ሎንግ አይላንድ ውስጥ ከሚስቱ ከዴብራ፣ ከሴት ልጃቸውና ከመንታ ወንዶች ልጆቻቸው ጋር ይኖራል። ወላጆቹ ፍራንክና ማሪ ከመንገዱ ማዶ ናቸው። ፖሊስ የሆነው ታላቅ ወንድሙ ሮበርት እነሱ ዘንድ ነው የሚኖረው። አማት መንገድ ተሻግራ ሳታንኳኳ ትገባለች። ታሪኩ ይኸው ነው፤ ለዘጠኝ ሲዝንና ለ210 ክፍሎች የበቃውም ይኸው ነው።

ግልጽ ግልጹን ልለፈው። ታሪኩ መነሻና መድረሻ ይኑረው፣ እያንዳንዱ ሰው የራሱ አነጋገር ይኑረው፣ ቀልዱ ከጠባይ ይፍለቅ፤ ይህን የማያውቅ ወደ ሙያው አይጠጋም። ሁሉም የሚያልፈው፣ እኔ ግን ማለፍ የማልችለው ነገር ሌላ ነው፤ ተመልካቹ እየሳቀ ሳለ ተዋናዩ ምን ያደርጋል?

እንዲህ ያለው ኮሜዲ በስቱዲዮ ተመልካች ፊት ነው የሚቀረጸው። ሰው ሲስቅ ተዋናዩ ቀጣዩን ቃል መናገር አይችልም፤ ሳቁ እስኪበርድ ይጠብቃል። ሦስት ሰከንድ፣ አራት ሰከንድ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። ካሜራው ግን አይጠብቅም፤ ይቀርጻል። ጸሐፊው ለዚያች ጊዜ የጻፈው ቃል የለም። ተዋናዩ ያለ ቃል የሚገኘው እዚያ ላይ ነው፤ ሥራው እውነተኛ መሆን አለመሆኑም የሚታወቀው እዚያው ላይ ነው።

በመናኛ ሥራ ውስጥ ተዋናዩ ታክሲ እንደሚጠብቅ ሰው ይቆማል። አፉ ለቀጣዩ ዐረፍተ ነገር ተከፍቷል፣ ዓይኑ አንድ ቦታ ተተክሏል፣ እጁ ኩባያውን እንደያዘ ደርቋል። ሳቁ ሲያበቃ እንደገና ሕይወት ይዘራል። ይህን አንዴ ያየ ሰው ከዚያ በኋላ ሳያየው አያልፍም። አንዳንዱማ ይባስ ብሎ ሳቁን ይቀበላል፤ ከንፈሩ ጫፍ ላይ ትንሽ ፈገግታ ትመጣለች። ያቺን ፈገግታ ሳይ የቀረውን ክፍል ማየት አልፈልግም። እቤቱ ውስጥ ማንም አልሳቀማ! የሳቀው ስቱዲዮ ውስጥ የተቀመጠው ሰው ነው። ሳሎኑ ውስጥ የቆመችው ሴት ግን አሁን በአማቷ ተሰድባለች።

ደህና ሥራ ውስጥ ሳቁ ማሰቢያ ጊዜ ይሆናል። ፓትሪሺያ ሂተን የምትጫወታትን ዴብራን ተመልከቱ። ማሪ ስለ ወጥ ቤቷ አንድ ነገር ጣል ታደርጋለች፣ ተመልካቹ ይስቃል። በዚያ ሳቅ ውስጥ ዴብራ መልስ ልስጥ ወይስ ልዋጠው እያለች ትከራከራለች። ባሏን ታየዋለች፣ እሱ ዓይኑን ያሸሻል፣ ማሸሹንም ትመዘግባለች። ሳቁ ሲበርድ የምትናገረው ቃል እዚያው ሳቁ ውስጥ ተወልዶ፣ አድጎ የመጣ ነው። ለዚህ ነው የሚያስቀው። ያንኑ ቃል ደርቆ የቆየ ሰው ቢናገረው ወረቀት ላይ የተጻፈ ቀልድ ብቻ ይሆናል።

ሁለተኛው ሲዝን ለምን እንደሚያጋልጥ እዚህ ጋ ይገባችኋል። በመጀመሪያው ሲዝን ተዋናዩ ሳቁ የት እንደሚመጣ በእርግጠኝነት አያውቅም፤ ስለዚህ መስማቱን አያቋርጥም። በሁለተኛው ያውቃል። ተመልካቹም ሰዎቹን ለምዷል፤ በሩ ሲከፈት ገና መሳቅ ይጀምራል። የሚያውቀውን ሳቅ የሚጠብቅ ተዋናይ መስማት ያቆማል። ጸሐፊውም ይህን ሲያይ ባለፈው ዓመት ያስቀችውን ቃል መልሶ ያመጣታል። ከዚያ ቤተሰቡ ቤተሰብ መሆኑ ይቀርና ተራ በተራ እየወጡ የየራሳቸውን ቀልድ የሚያሰሙ ሰዎች ስብስብ ይሆናል። ብዙ ጥሩ ጅምሮች የሞቱት በዚህ ነው።

መፈተኛው ቀላል ነው። ድምፁን አጥፉት። ከዚያ የሚናገረውን ሰው ተዉትና የሚሰማውን ብቻ እዩ። የሚሰማው ሰው ፊት ላይ ታሪኩን መከታተል ከቻላችሁ ሥራው ደህና ነው። ካልቻላችሁ፣ ድምፁን ስትመልሱት ምንም ያህል ቢያስቃችሁ፣ አታሞግሱት። በዚህ ላይ ድርድር የለኝም።

ሬይን የተጫወተው ሬይ ሮማኖ ራሱ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። ሰውየው ተዋናይ አልነበረም፤ መድረክ ላይ ብቻውን ቆሞ የሚቀልድ ኮሜዲያን ነበር። ከዚህ ሥራ በፊት «ኒውስሬዲዮ» በተባለ ሲትኮም ውስጥ ቦታ አግኝቶ ልምምድ ላይ ሳሉ ተሰናብቷል። እ.ኤ.አ. በ1995 በዴቪድ ሌተርማን ዝግጅት ላይ ቀርቦ ሲቀልድ የሌተርማን ኩባንያ ወደደውና ፊሊፕ ሮዘንታል በእሱ ሕይወት ዙሪያ ይህን ሥራ ፈጠረለት። ብቻውን የሚቀልድ ሰው ሥራው ሳቅን መጠበቅ ነው፤ አጠገቡ የሚሰማው ሰው የለም። በመጀመሪያው ሲዝን ይህ ልማድ ይታይበታል፤ ቃሉን ተናግሮ ወደ አዳራሹ ጆሮውን ይጥላል። በሁለተኛው ሲዝን ጆሮው ወደ ሳሎኑ ተመልሷል። እናቱ ስትናገር ትከሻው ገና ቃሉ ሳያልቅ ይወርዳል። ይህ ለውጥ ከየትኛውም ቀልድ ይልቅ ያንን ሲዝን ትልቅ ያደርገዋል።

የሚያስተምረው አጠገቡ ነበር። ፍራንክን የተጫወተው ፒተር ቦይል እ.ኤ.አ. በ1974 በሜል ብሩክስ «ያንግ ፍራንከንስታይን» ፊልም ውስጥ ጭራቁን ሆኖ ሠርቷል። ያ ጭራቅ አብዛኛውን ፊልም ቃል አይናገርም፤ ያጉረመርማል፣ ይሰማል፣ ያያል። እንዲያም ሆኖ አዳራሹን የሚያስቀው እሱ ነው። ይህ ሰው ሳሎን ውስጥ ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ሳቁ ለእሱ እረፍት አይደለም። ሚስቱ ስትናገር ጋዜጣውን እያነበበ ይሰማታል፤ እየሰማ መሆኑን ከጋዜጣው አያያዝ ታውቃላችሁ። በዚህ ሥራ ማሪን የተጫወተችው ዶሪስ ሮበርትስ አራት ጊዜ፣ ሮበርትን የተጫወተው ብራድ ጋሬት ሦስት ጊዜ፣ ሂተን ሁለት ጊዜ፣ ሮማኖ አንድ ጊዜ ኤሚ ሽልማት አግኝተዋል። ቦይል ሰባት ጊዜ ታጭቶ አንድም ጊዜ አላገኘም። ሸላሚዎችም እንደ ተማሪዎቼ የሚናገረውን ነው የሚያዩት።

አንዳንዱ ጥፋቱን በተቀዳ ሳቅ ላይ ይጥላል። አልቀበልም። ቻርልስ ዳግላስ የተባለው የሲቢኤስ መሐንዲስ የሳቅ ማሽኑን የሠራው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ነው፤ ማሽኑ ግን የተዋናይን ፊት አያደርቅም። እ.ኤ.አ. በ1951 «አይ ላቭ ሉሲ» የተባለው ሲትኮም ሲጀመር የካሜራ ባለሙያው ካርል ፍሮይንድ ሦስት ካሜራ በተመልካች ፊት በአንድ ጊዜ እንዲቀርጹ መብራቱን ያስተካከለው አንዱ ሲናገር የሌላው ፊት እንዳይጠፋ ጭምር ነው ብዬ አምናለሁ። ቀልድ የሁለት ሰው ሥራ መሆኑ ያኔውኑ ታውቆ ነበር።

እኛም ዘንድ የሚያውቁ ነበሩ። ኮሜዲያኑ ልመንህ ታደሰና አለባቸው ተካ ጎን ለጎን ሲቆሙ ግማሹ ቀልድ ያለው ዝም ባለው ፊት ላይ ነበር። ወጣት ሳለሁ ያሠለጠኑን አንድ አንጋፋ የመድረክ ሰው ነበሩ፤ ጋሼ እንላቸዋለን። ልምምድ ላይ ቃል ለሚናገረው ፊታቸውን አዙረው አያውቁም። ዓይናቸው ሁልጊዜ ዳር ቆሞ ተራውን በሚጠብቀው ላይ ነው። ተራውን የሚጠብቅ መሆኑ ከታወቀባቸው ልምምዱን ያስቆማሉ። «አሁን ምን አለህ?» ብለው ይጠይቁታል። የሰማውን በራሱ ቃል መድገም ካቃተው ጨዋታው ከመነሻው ይጀመራል። አንድ ምሽት ዋናው ተዋናይ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ ሲያለቅስ ሁላችንም እሱን ስናይ፣ እሳቸው በር ላይ ትሪ ይዛ የቆመችውን ልጅ አሳዩኝ። ትሪው ዘንበል ብሏል፤ ልጅቱ አላወቀችም። «ዛሬ የሠራችው እሷ ናት» አሉ። ቃል አልነበራትም። ከዚያ ወዲህ ትያትር በሌላ ዓይን አይቼ አላውቅም። የእሳቸው ዓይነት አሠልጣኝ ዛሬ ቢኖር የስንቱ ሥራ በተቃና!

ወደ ሬይመንድ ልመለስ። ሁለተኛው ሲዝን ውስጥ «ፋዘር ኖውስ ሊስት» የተባለ ክፍል አለ። ሬይና ዴብራ የልጅ አስተዳደግ ትምህርት ይወስዳሉ፤ ሰው የተናገረውን መልሶ በመንገር ማዳመጥ የሚባል ዘዴ ይማራሉ። ሬይ ይንቀዋል። ከዚያ በአባቱ ላይ ሲሞክረው ይሠራል፤ ያ ድንጋይ አባት ይከፈታል። ታሪኩ ራሱ ስለ መስማት በመሆኑ ደርቆ መቆም የሚወድ ተዋናይ በፍጹም ሊያመልጥበት አይችልም። ሮማኖ እዚያ ውስጥ የአባቱን ቃል ደግሞ ሲጠብቅ ዘዴው በመሥራቱ ይደነግጣል፣ ደስ ይለዋል፣ የሰማውም ይከብደዋል። ሦስቱንም በአንድ ፊት ነው።

ሌላ ሕግ ልጨምር፤ ሁለተኛ ሲዝን ላይ ከቤት መውጣት ክልክል ነው። አዲስ ጎረቤት፣ አዲስ ሕፃን፣ የውጭ አገር ጉዞ፣ ይህ ሁሉ ጸሐፊው ቤቱን እንደጨረሰው የሚናዘዝበት ነው። ሮዘንታል ጸሐፊዎቹን ቤታቸው ሄደው ከሚስቶቻቸው ጋር ተጨቃጭቀው ጭቅጭቁን ይዘው እንዲመጡ ይገፋፋቸው ነበር። «ማሪስ ሚትቦልስ» የተባለው ክፍል የሚቆመው በአንድ የቅመም ብልቃጥ ላይ ነው። ማሪ ለዴብራ የምግብ አሠራሯን ስታስተምር ብልቃጡ ላይ የተለጠፈውን ስም ቀይራ ምራቷ ወጧን እንድታበላሽ ታደርጋለች። «ሲክስ ፊት አንደር» ላይ የሬይ ጭንቀት የሚነሣው ከቁመቱ ነው። «ዘ ሌተር» ላይ ዴብራ ለአማቷ ደብዳቤ ትጽፋለች፣ ባሏ ይሸበራል። ነገሩ ባነሰ ቁጥር ፊቶቹ ብዙ እንዲሠሩ ይገደዳሉ። ትልቅ ታሪክ ደረቅ ፊትን ይሸፍናል፤ የቅመም ብልቃጥ አይሸፍንም።

ጀማሪ ከሆናችሁ በ«ፋዘር ኖውስ ሊስት» ጀምሩ፤ መጀመሪያ ያለ ድምፅ፣ ቀጥሎ በድምፅ። ከዚያ ሚትቦሉን እዩ፤ ዴብራ ማታለሉን ስትደርስበት ግን ዴብራን ተዉና ማሪን ተከተሉ። «ዘ ዌዲንግ» የተባሉትን ሁለቱን የመዝጊያ ክፍሎች በመጨረሻ አስቀሩ። እዚያ ታሪኩ ወደ ሠርጋቸው ዘመን ይመለሳል፤ ሬይ ዴብራ የፈለገችው እሱን ይሁን ሠርጉን መጠራጠር ይጀምራል። ተዋንያኑ ገና ያልተላመዱ ሰዎች ሆነው መሥራት አለባቸው። ሁለት ዓመት የተላመዱ ሰዎች እንዴት እንግዳ ሆነው እንደሚደማመጡ ሂተን ላይ ታገኙታላችሁ፤ ሮማኖ ሲናገር እሷን እዩ።